ሰባት ጅምር፣ አንድ ሰፌድ

ነሐሴ ገብቶ ትምህርት ቤት በተዘጋበት፣ እኔም ከጠመኔና ከፈተና ወረቀት ዐረፍ ባልኩበት ሰሞን፣ ከአልጋዬ ሥር የሚኖረውን ማዳበሪያ ጎትቼ አወጣሁና ሆዱን ወለሉ ላይ ዘረገፍኩት። ጎንደር በክረምት ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አንዴ ከጀመረ ከቤት መውጣት የሚታሰብ ስላልሆነ፣ ከዓመት ዓመት ሳስተላልፈው የኖርኩትን ይህን ቆጠራ ዘንድሮም ለማለፍ ሰበብ አጣሁ። ክሩን ከክር፣ መርፌውን ከመርፌ ለይቼ ስጨርስ ሰባት ያላለቁ ሥራዎች ተደርድረው ቀሩ። እናቴ በመስኮቱ ብርሃን ሰፌዷን እየሰፋች ቀና ብላ አየችና፣ «አንቺ ልጅ፣ ይህ ሁሉ የማን ልብስ ነው?» አለችኝ። ልብስ ቢሆን ኖሮ መልሱ ቀላል ነበር።

ለታላቅ ወንድሜ የጀመርኩት ባለ አንድ እጅጌ ግራጫ ሹራብ አለ፤ አንገቱ ያልተዘጋ የእህቴ ልጅ ቀይ ሹራብ አለ፤ ጓደኛውን ሦስት ዓመት የጠበቀ ነጠላ ካልሲ፣ ጥቁር ሰማያዊ የትከሻ ልብስ፣ አናቱ ክፍት የሆነ ቆብ፣ በእናቴ ፈትል የተጀመረ የጥጥ ሰደርያ፣ እንዲሁም ለአልጋ ልብስ ብዬ በኪሮሽ ጀምሬ አሥራ አንደኛው ላይ የተውኳቸው ካሬዎች አሉ። ስለ ካሬዎቹ ብዙ አልናገርም፤ አሥራ አንድ ካሬ ለድመት እንኳን አይበቃም።

ጅምር የሚበዛበትን ሰው ዘመድ ሁሉ ቶሎ ሰልቺ ይለዋል፤ እኔም ይህን ስም ከልጅነቴ ጀምሮ ተሸክሜዋለሁ። ሰባቱን አንድ በአንድ ወደ ብርሃን እያወጣሁ የቆሙበትን ረድፍ ስመረምር ግን፣ እጄ ሳያስብ በሚሄድበት ቦታ ላይ የቆመ አንድም እንደሌለ አስተዋልኩ። ሁሉም የቆሙት አንድ ነገር መወሰን በነበረብኝ ረድፍ ላይ ነው። ተረከዝ የሚዞርበት፣ አናት የሚጠብብበት፣ ክር የሚያልቅበት ቦታ ሲደርስ ነገ ረጋ ብዬ አየዋለሁ ብዬ አስቀምጠዋለሁ፤ ያ ነገ ማዳበሪያ ውስጥ ይገባል፤ እኔም እጄ ሥራ እንዳይፈታ ሌላ እጀምራለሁ።

ሹራብ መሥራት የተማርኩት በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ነው፤ መርፌዎቼም ጫፋቸው በድንጋይ የተሞረደ ሁለት የብስክሌት ሽቦዎች ነበሩ። የብስክሌት ሽቦ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በእሱ የሠራሁት የመጀመሪያ የአንገት ልብስ የትምህርት ዘመኑን በሙሉ ፈጅቶ በመጨረሻ ለአሻንጉሊት የሚሆን ሆኖ አረፈው። በአገራችን ልማድ ሴቷ ትፈትላለች፣ ወንዱ ይሸምናል፤ ከከተማችን ሰፈሮች አንዱ የሆነው አዲስ ዓለምም በጥንቱ ዘመን የሙስሊም ነጋዴዎችና ሸማኔዎች መንደር ነበር። ሹራብ በዚህ የሥራ ክፍፍል ውስጥ ቦታ አልነበረውም፤ ድርም ማግም የለውም። አንድ ክር ብቻ በራሱ ቀለበት ውስጥ እየሾለከ ወደ ላይ ይወጣል፤ የሚለጠጠውም፣ አንዱ ጫፍ ሲሳብ እንደ ወሬ የሚተረተረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የእህቴን ልጅ ቀይ ሹራብ የጀመርኩት ከሁለት ዓመት በፊት ለጥር 11 ብዬ ነበር። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባላል፤ ለጥምቀት ያልደረሰ ሹራብ ይተርተር ያለ ሰው ግን አላጋጠመኝም፤ ስለዚህም አልተረተርኩትም። ጥፋቱ የተፈጸመው ገና ከመጀመሪያው ቀን ነው። ማንኛውም ሥራ ሲጀመር በዚያው ክርና በዚያው መርፌ መዳፍ የሚያህል ናሙና ሠርቶ፣ አጥቦና አድርቆ፣ በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ቀለበት እንደሚገባ መቁጠር ያስፈልጋል። እኔ ናሙናውን ዘልዬ፣ 20 ይገባል በሚል ግምት ለ60 ሴንቲ ሜትር ደረት 120 ቀለበት መርፌው ላይ አስገባሁ። እጄ ላላ ስለሚል በእውነቱ የሚገባው 18 ብቻ ነበር፤ ሹራቡም ወደ 67 ሴንቲ ሜትር ሰፍቶ ሕፃኑ ውስጡ ጠፋ። ዘንድሮ ሲመጣ ግን እንዲሁ ለጨዋታ ያህል ባለብሰው ደረቱ ልክ ሆኖ ተገኘ፤ ልጁ ወደ ሹራቡ አድጎ ደርሷል። አጭር የሆነው እጅጌው ብቻ ነው፤ እሱም ከትከሻ ወደ ታች የተሠራ በመሆኑ ጫፉን ተርትሮ ማስረዘም ይቻላል። በሦስት ምሽት ጨረስኩት።

በዚህ ሹራብ ደረት ላይ በመጀመሪያ ልሠራ ያሰብኩት ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ መላእክት የአንዱን ፊት ነበር፤ ትልልቆቹ ዓይኖች በሁለት ቀለም ክር የሚያምሩ መስለውኝ በተማሪ የካሬ ደብተር ላይ ሥዬው ነበር። ነገር ግን የሹራብ ቀለበት ወርዱ ከቁመቱ ይበልጣል፤ በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 20 ቀለበት ወደ ጎን ሲገባ፣ ወደ ላይ ግን 28 ረድፍ ያህል ይገባል። በካሬ ወረቀት ላይ ቀጭን የነበረው መልአክ ክር ላይ ሲወጣ ጉንጩ ያበጠ፣ ግንባሩ የተጫነ ሆነብኝና ድፍረት መስሎኝ ተውኩት።

የሰማያዊው የትከሻ ልብስ ነገር ሌላ ነው። እሱን ያቆመው የመብራት መጥፋት ነው ብል ግማሽ እውነት ነው። መብራት በጠፋበት ምሽት በሻማ ስሠራ አንዲት ቀለበት ከመርፌው ጫፍ ወደቀች። የወደቀች ቀለበት ወዲያው ካልተያዘች ከሥሯ ያሉትን አንድ በአንድ እየፈታች ትወርዳለች፤ የሚቀረውም መሰላል የሚመስል ክፍተት ነው። ማዳኑ ከባድ አይደለም፤ ኪሮሹን ከታች ባለችው ቀለበት ውስጥ አስገብቶ፣ የመሰላሉን ደረጃ እየሳቡ በውስጧ ማሳለፍና እስከ መርፌው ድረስ መውጣት ነው። ግን ክሩ ጥቁር ሰማያዊ፣ ሌሊቱም ጥቁር ነበርና ያየሁት ነገር ስላልነበረ አጥፌ አስቀመጥኩት፤ ጠዋት ላይ ደግሞ ፀሐይ ወጥታ ሳለ ምን እንደከለከለኝ አላውቅም። አሁን በቀን ብርሃን፣ ነጭ ነጠላ ጭኔ ላይ ዘርግቼ ስመለከተው የወረደችው አሥራ አራት ረድፍ ብቻ ነው፤ ቡና ተቆልቶ እስኪወቀጥ ድረስ ወደ ቦታዋ መለስኳት። ጥቁር ክር የሚሠራ ሰው ይህችን የነጭ ነጠላ ነገር ቢያስታውስ ዓይኑን ያተርፋል።

የጥጡን ሰደርያ እስከ ወዲያኛው እንዲቀር ፈርጄበታለሁ። እናቴ በእንዝርት የፈተለችው ማግ ለሸማ የታሰበ ቀጭን ክር ስለሆነ አራቱን አንድ ላይ እየያዝኩ ሠራሁት፤ ለእጅ ደስ ይላል፣ ግን ጥጥ እንደ ሱፍ ተለጥጦ አይመለስም፤ የታችኛው ጠርዝ ገና ሳይለበስ ረግቧል። ክሩን እመልሰዋለሁ።

አሁን ወደ አዲሱ ልምጣ፤ እንዲያውም ማዳበሪያውን ያስወጣኝ እሱ ነው ማለት ይቀለኛል። እናቴ የምትሰፋውን ሰፌድ ክረምቱን ሙሉ እያየሁ፣ ይህ ነገር የሹራብ ትከሻ ነው የሚል ሐሳብ ያዘኝ። ሰፌድ ከመሐል እምብርቱ ይጀምራል፤ ስንደዶው እየዞረ፣ ቀለም የተነከረው አክርማ በወስፌ እየተጠለፈበት፣ ጌጡ ከመሐል ወደ ዳር እየሰፋ ይሄዳል። ከአንገት ተጀምሮ በክብ የሚወርድ ሹራብም እንዲሁ ነው፤ ጠባቡ አንገት መሐሉ፣ ሰፊው ደረት ዳሩ ነው። እናቴ ሰፌድ ላይ ስምንት ቦታ የምታወጣውን ሾጣጣ ጌጥ በአንገቱ ዙሪያ እንዳለ ማስፈር ፈለግሁ። ሁለት ቀለም በአንድ ዙር ሲሠራ ተራው ያልደረሰው ክር በጀርባ በኩል ይጓዛል፤ ጉዞው ከአምስት ቀለበት በላይ ከረዘመ ልብሱ ሲለበስ ጣት ይይዛል። የሰፌዱ ጌጥ በዳሩ በኩል ሰፋፊ ስለሆነ በየመሐሉ ነጠብጣብ ልጨምርበት ወስኛለሁ፤ እናቴ ይህን አልወደደችውም፤ «ኩፍኝ የወጣበት ሰፌድ» ብላዋለች።

አስቸጋሪው ስሌቱ ነው። ስንደዶው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ካለው፣ ሰፌዱ በእያንዳንዱ ዙር ክበቡ በ3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ዝርግ ነገር ከዚያ ያነሰ ካገኘ ይጎደጉዳል፣ ከበዛበት ይሸበሸባል። እናቴን በየዙሩ ስንት ጥልፍ እንደምትጨምር ብጠይቃት፣ «ይህ አይቆጠርም፣ ይታያል እንጂ» አለችኝ። የእኔ ግን መቆጠር አለበት። አንገቱን በ96 ቀለበት እጀምራለሁ፤ ለስምንቱ ጌጥ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ይደርሳቸዋል። በአምስት የመጨመሪያ ዙሮች፣ በእያንዳንዱ 32 እየጨመርኩ፣ 256 ላይ አደርሰዋለሁ፤ ያኔ እያንዳንዱ ጌጥ 32 ቀለበት ወርድ ይኖረዋል። ከአንገት እስከ ብብት ያለው 23 ሴንቲ ሜትር እንደ ሰፌድ ዝርግ ቢሆን ኖሮ ክበቡ በ144 ሴንቲ ሜትር መስፋት ነበረበት፤ የእኔ የሚሰፋው ግን በ80 ብቻ ነው። ትከሻ ወደ ታች ስለሚወርድ ግማሹ ይበቃዋል፤ በዚህም የተነሳ የእናቴ ጌጥ ሹራቡ ላይ ሲሰፍር ቀጠን ረዘም ይላል። አራት ገጽ ደብተር የፈጀብኝ ይህ ነው፤ ባልዋሽ ከክረምቱ ምሽቶች ሁሉ ደስ ያሉኝ እነዚያ አራት ገጾች ናቸው።

ክሩም ተዘጋጅቷል። ቅዳሜ ገበያ ከሳልቫጅ ክምር ውስጥ ሁለት የሱፍ ሹራቦች፣ አንድ ነጭና አንድ ቡናማ፣ መርጬ ገዛሁ። እንዲህ ያለ ልብስ ሲገዛ ገልብጦ ስፌቱን ማየት ያስፈልጋል፤ ጠርዙ በመኪና ተቆርጦ የተዘመዘመ ከሆነ ሲተረተር የሚወጣው በየረድፉ የተበጣጠሰ ክር ነው፤ ጠርዙ ሳይቆረጥ በክር ብቻ የተያያዘ ከሆነ ግን ከላይ እስከ ታች ያለማቋረጥ ይፈታል። የተፈታው ክር እንደ ጸጉር ተጠቅልሎ ይወጣል፤ በወንበር መደገፊያ ላይ ጠምጥሜ፣ አራት ቦታ አስሬ፣ ለብ ባለ ውኃ ሳልፈተግ ነክሬ፣ ግማሽ የሞላ የውኃ ጠርሙስ ከሥሩ አንጠልጥዬ ሰቀልኩት። ሱፍ በሙቅ ውኃ ከታሸ ይደድራልና እዚህ ላይ መቸኮል ዋጋ ያስከፍላል። በክረምት ለመድረቅ ሦስት ቀን ፈጀ።

ሁሉም ተሟልቶ መርፌ ብፈልግ፣ አንድ ሰው ከአዲስ አበባ ያመጣልኝ ብቸኛዋ ባለ ገመድ 4 ሚሊ ሜትር መርፌዬ በወንድሜ ግራጫ ሹራብ ሁለተኛ እጅጌ ጅማሬ ላይ ተሰክታ አገኘኋት። ወንድሜ የሚኖረው ደባርቅ ነው፤ ብርዱ ከእኛ የባሰ ስለሆነ በደወለ ቁጥር ሰላምታውን ሳይጨርስ «እጅጌው ደረሰ ወይ?» ይለኛል። ያቆመኝ ክሩ ነበር። መጀመሪያ የገዛሁት ሲያልቅ ወደዚያው ሱቅ ተመልሼ ተመሳሳይ ነው ተብዬ ሁለት ጥቅል ጨመርኩ፤ በሱቁ አምፖል ሥር አንድ የመሰለው ግራጫ በረንዳ ላይ ሲወጣ አንዱ ወደ አመድ፣ አንዱ ወደ ሰማያዊ ያደላ ሆነ። ሁለቱ በተለያየ ጊዜ የተነከሩ ናቸው፤ ወረቀታቸው ላይ የቀለሙ ቁጥር አንድ ሆኖ የንክሩ ቁጥር ይለያያል፤ ይህንንም ያየሁት ከፍዬ ከወጣሁ በኋላ ነው።

መፍትሔው ይታወቃል፤ ሁለቱን ክሮች ሁለት ሁለት ረድፍ እያፈራረቁ መሥራት ልዩነቱን ለዓይን ያጠፋዋል። ነገር ግን አንዱ እጅጌ ብቻ ቢፈራረቅ ሌላው ያሳጣዋል፤ ስለዚህ ከአንድ ዓመት በፊት በሰላም ያለቀው የመጀመሪያው እጅጌ መተርተር አለበት። ልሸሸው የኖርኩት ውሳኔ ይህ ነበር። ቀለበቶቹን በክር አስሬ መርፌዋን ለአዲሱ ሥራ ላወጣት እጄን ዘርግቼ ነበር፤ ጣቴ መርፌዋ ላይ እያለ ስልኩ ጠራ፤ ደባርቅ ነው።

ትናንት ማታ እጅጌውን ከጫፉ ፈታሁትና መሳብ ጀመርኩ፤ እናቴ ሰፌዷን አስቀምጣ ከፊቴ ተቀመጠችና ክሩን እየተቀበለች እንደ ልቃቂት መጠቅለል ያዘች። ክርኑን አልፈን ወደ ትከሻው ስንቃረብ እጇን ሳታቆም ሳቀች። «እንግዲህ ያለቀውንም ጅምር አደረግሽው» አለች።