21 ቶን ብረት በአባይ ቁልቁለት፦ ኤክስካቫተር ሎቤድ ላይ ሲጫንና ሲታሰር

«ይሄ ሁሉ ብረት የት ይሄዳል?» የሚለው አባባል በየሳይቱ ይሰማል። ኤክስካቫተር ወይም ዶዘር የጫነ ሎቤድ (ከባድ ማሽን የሚጭን ዝቅ ያለ ተጎታች) በሁለት ቀጭን ሰንሰለት ብቻ ታስሮ ከካምፕ የሚወጣውም፣ ክብደቱ ራሱ ይይዘዋል ከሚለው ከዚሁ እምነት ነው። እምነቱ ስህተት ነው። ሾፌሩ ፍሬን ሲረግጥ የሚይዘው የሎቤዱን ጎማ ነው፤ ላዩ ላይ የተቀመጠው ማሽን ግን የያዘውን ፍጥነት እንደያዘ ወደ ፊት መሄድ ይፈልጋል። ክብደቱ በጨመረ ቁጥር እሱን ለማስቆም የሚያስፈልገው ኃይልም በዚያው ልክ ይጨምራል። ከባድ ማሽን በጥብቅ መታሰር ያለበት ከባድ በመሆኑ ነው።

ነገሩን በአንድ ጉዞ እንየው። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚሄድ፣ የኮማትሱ ፒሲ 200 ወይም የካት 320 ዓይነት ኤክስካቫተር አለ እንበል፤ ክብደቱ 21 ቶን ገደማ ነው። እስከ ጎሃ ጽዮን መንገዱ ብዙ አያስቸግርም። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ባለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ግን ሎቤዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፣ የአባይን ድልድይ ይሻገራል፣ ከዚያም መልሶ ይወጣል። ሲወርድ ማሽኑ ወደ ጋቢናው ይገፋል፤ ሲወጣ ወደ ኋላ ይጎትታል፤ በየመጠምዘዣው ደግሞ ወደ ጎን ይወረወራል። አስፋልቱ በተንሸራተተበትና በተጎረበጠበት ቦታ ላይ ተነስቶ ይቀመጣል። እስሩ እነዚህን ሁሉ በአንድ ቀን መቻል አለበት።

ስንት ኃይል ነው? በአውሮፓም በአሜሪካም የሚሠራበት ስሌት ማሽኑ ወደ ፊት የክብደቱን 0.8፣ ወደ ኋላና ወደ ጎን ደግሞ 0.5 ያህል ይገፋል ብሎ ይነሳል። ለ21 ቶን ይህ ወደ ፊት 16.8 ቶን፣ ወደ ኋላና ወደ ጎን 10.5 ቶን ማለት ነው። ከዚህ ላይ የሎቤዱ ወለልና የማሽኑ ሰንሰለታማ እግር ሲፋተጉ የሚገኘው ይቀነሳል። ጭቃ የነካው ብረት በብረት ላይ ሲቀመጥ ፍትጊያው 0.1 ቢሆን ነው፤ ማለትም 2.1 ቶን ብቻ። የቀረውን 14.7 ቶን የሚይዘው የማሰሪያ ሰንሰለቱ ነው።

አሁን ሰንሰለቱን እንመልከት። ግሬድ 80 (የብረቱ የጥንካሬ ደረጃ) የሆነ 13 ሚሊ ሜትር የማሰሪያ ሰንሰለት ቀጥ ብሎ ሲጎተት 10 ቶን ገደማ ይችላል፤ 10 ሚሊው 6.3 ቶን፣ 8 ሚሊው 4 ቶን። ነገር ግን ሰንሰለት ቀጥ ብሎ አይታሰርም። ከወለሉ 30 ዲግሪ ከፍ ብሎ፣ ወደ ጎን ደግሞ 30 ዲግሪ ወጣ ብሎ ከታሰረ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ የሚሠራው ጉልበት ሦስት አራተኛው ነው፤ 13 ሚሊው 7.5 ቶን ይሆናል። በአራቱ ማዕዘን ከሚታሰሩት አራት ሰንሰለቶች ማሽኑ ወደ ፊት እንዳይሄድ የሚይዙት ወደ ኋላ የሚስቡት ሁለቱ ብቻ ስለሆኑ በድምሩ 15 ቶን እናገኛለን። የሚፈለገው 14.7 ነበር፤ ለጥቂት በቃ። በ10 ሚሊ ሰንሰለት ቢሆን 9.4 ቶን ላይ ይቀራል፤ ከ5 ቶን በላይ ያለ ባለቤት ይቀራል ማለት ነው። 13 ሚሊውም ቢሆን አጭር ሆኖ ከወለሉ በ60 ዲግሪ ቀጥ ብሎ ከቆመ 4.3 ቶን ብቻ ይሠራል። ሰንሰለት አጥሮ ከማሽኑ ጎን ወደ ላይ የቆመበት እስር ሲታይ የጠበቀ ይመስላል፤ የሚሠራው ግን ማሽኑን ወደ ታች መጫን እንጂ ወደ ፊት እንዳይሄድ መያዝ አይደለም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ወለሉ ላይ ነው። የሎቤዱ ወለል እንጨት ከሆነ ፍትጊያው ወደ 0.3 ከፍ ይላል፤ በ21 ቶን ላይ 6.3 ቶን በነፃ ተገኘ ማለት ነው። ላሜራ ብቻ ከሆነ ከስሩ ጣውላ ወይም ወፍራም ላስቲክ ይነጠፋል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ንጹህ ሲሆን ነው። የወለሉ ዘይትና ጭቃ ይጠረጋል፤ በማሽኑ እግር መሃል የተሰነቀረው ጭቃና ድንጋይም በአካፋ ይወጣል። ያ ድንጋይ መንገድ ላይ ወድቆ የኋላ መኪና መስታወት ሊሰብር መቻሉም አይረሳ።

ጭነቱ የሚካሄደው ደረቅና ደልዳላ መሬት ላይ ነው። በክረምት በመረሬ አፈር ላይ የሚጭን ሰው የሎቤዱ የኋላ ጎማ አንዱ ወገን ሲሰምጥ ያየዋል፤ ያኔ ማሽኑ ወደ ሎቤዱ በመውጣት ላይ ነው። ጎታቹ (ሎቤዱን የሚስበው መኪና) እና ሎቤዱ በአንድ መስመር ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ የእጅ ፍሬን ይያዛል፤ ጎማዎቹ በሁለቱም በኩል ታኮ ይደረግላቸዋል። የሎቤዱ ጅራት ስርም ወፍራም የእንጨት ድጋፍ ይገባል፤ አለበለዚያ 21 ቶኑ ጅራቱ ላይ ሲደርስ ኋላው ይዘቅጥና የጎታቹን የኋላ ጎማ ያቀልለዋል፤ ፍሬኑ ተይዞም ሁሉም ነገር ይንሸራተታል። የመወጣጫው ተዳፋት ከ15 ዲግሪ መብለጥ የለበትም። ወለሉ 1 ሜትር ከፍታ ካለው መወጣጫው 4 ሜትር ያህል ይረዝማል ማለት ነው። አጭር መወጣጫ ያላቸው ብዙ ጊዜ አፈር ከምረው ይጭናሉ፤ አፈሩ በደንብ ተጠቅጥቆ ጠርዙ እንዳይናድ ከማሽኑ ስፋት በሁለቱም በኩል ተርፎ ከተሠራ ክፋት የለውም።

ኦፕሬተሩ ቀበቶውን ያስራል፤ ማሽኑን በዝቅተኛው ፍጥነት ያደርጋል፤ የሞተሩን ዙር በራሱ የሚቀንሰውን ማብሪያም ያጠፋል፤ መወጣጫው ላይ የሞተሩ ዙር በድንገት መቀየር የለበትም። ቡሙ (ትልቁ ክንድ) ወደ ፊት፣ ባኬቱ (መቆፈሪያው) ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ ይወጣል። መወጣጫው ላይ መሪ አይነካም፤ ከመስመር ከወጣ እስከ መሬት ተመልሶ ይስተካከላል። የላይኛውን አካል (ጋቢናውንና ቡሙን የያዘውን) እዚያ ላይ ማዞርማ ፈጽሞ አይታሰብም። በጣም አደገኛው ቅጽበት የመጨረሻው ነው፦ የማሽኑ ክብደት የመወጣጫውን ጫፍ አልፎ ወደ ወለሉ ሲያጋድል። እዚያ ላይ ቆም ብሎ በዝግታ እንዲቀመጥ ካልተደረገ 21 ቶን በአንዴ ይወድቃል። ምልክት የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ነው። ከጎን «ና! ና!» የሚል ሁለተኛ ሰው ካለ ኦፕሬተሩ ሁለቱንም ባይሰማ ይሻላል። ማንም ሰው በሎቤዱ ጎንና ከኋላ አይቆምም፤ ማሽን የሚገለበጠው ወደዚያ ነው።

ወለሉ ላይ ሲደርስ የት ይቁም? በጣም ወደ ፊት ከተጠጋ የጎታቹ አክስል ከሚችለው በላይ ይሸከማል፤ በጣም ወደ ኋላ ከቀረ የጎታቹ ጎማ አስፋልቱን በደንብ አይጨብጥም፤ አቀበት ላይ ይሽከረከራል፤ መሪውም ይቀልላል። እግሮቹ ከወለሉ ጎን የሚተርፉ ከሆነ በሁለቱም በኩል እኩል መሆን አለባቸው፤ ትርፉ ላይም ቀይ ጨርቅና መብራት ይደረጋል፤ የስፋት ፈቃዱም ቀድሞ መውጣት አለበት።

ከዚያ ባኬቱና ስቲኩ (ባኬቱን የያዘው ትንሹ ክንድ) ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ፤ ቡሙ በዝግታ ይወርዳል፤ በባኬቱና በወለሉ መካከል ወፍራም እንጨት ይገባል። እንጨቱ ከሌለ በየጉድጓዱ የሚመጣው ምት በቀጥታ ሲሊንደሩ ላይ ያርፋል። የላይኛው አካል መዞሪያ ይቆለፋል፤ ሞተሩ ይጠፋል፤ የመቆጣጠሪያዎቹ መቆለፊያ ዘንግ ይወርዳል። ቡሙን የሃይድሮሊክ ዘይት ይይዘዋል ብሎ መተው አይገባም። ዘይት በጊዜ ብዛት ይለቃል፤ ባኬቱም የራሱ ሰንሰለት ያስፈልገዋል። መስታወቶቹና አንቴናው ይታጠፋሉ፤ ኮፈኑና በሩ ይቆለፋሉ። ቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ ተሽከርካሪ ክፍል) ያለው ማሽን ከሆነ የጭስ ማውጫው በላስቲክ ተሸፍኖ ይታሰራል። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ነፋስ በጭስ ማውጫው ገብቶ ቱርቦውን ካሽከረከረ፣ ዘይት ስለማይደርሰው ደርቆ ይፋጫል። ይህን የሚያደርገው ጥቂት ሰው ነው፤ የቱርቦ ዋጋ ግን ከቁራጭ ላስቲክ ጋር አይወዳደርም።

አራቱ ሰንሰለቶች በአራቱም ማዕዘን፣ ፋብሪካው የማሰሪያ ምልክት ባደረገበት ቦታ ወይም በታችኛው እግር ፍሬም ቀዳዳ ላይ ይያዛሉ። ሲሊንደር፣ የሃይድሮሊክ ቱቦ፣ ደረጃና የላይኛው አካል ማሰሪያ አይደሉም። እያንዳንዱ ማዕዘን የራሱ ሰንሰለት ይኑረው። አንድ ረጅም ሰንሰለት በሁለት ማዕዘን አልፎ ከታሰረ አንዱ ጋ የላላው ሌላውንም ያላላል። የሎቤዱ ቀለበትም ይታይ፤ ከፌሮ ተጠምዝዞ የተበየደ ቀለበት 10 ቶን ከሚችል ሰንሰለት ጋር መታሰሩ ትርጉም የለውም፤ መጀመሪያ የሚበጠሰው እሱ ነው። የሰንሰለቱ አይኖች ከተለጠጡ፣ ከተሰነጠቁ፣ ወይም 13 ሚሊው ተበልቶ ከ11.7 ሚሊ በታች ከወረደ ይጣላል። በቡሎን የተቀጠለ፣ የተበየደ ወይም የተቋጠረ ሰንሰለትም እንደዚያው። ማጥበቂያው ባለ ጥርስ ቢሆን ይመረጣል። የክንድ ማጥበቂያ ላይ ቧንቧ ሰክቶ መጎተት ልማድ ሆኗል፤ ሲለቅ ግን ክንዱ እንደ ዱላ ተመልሶ መንጋጋ ይሰብራል።

ሌሎቹ ማሽኖች በየራሳቸው ጠባይ ይታሰራሉ። ሎደርና ግሬደር መሃላቸው ላይ ስለሚታጠፉ የመሃል መቆለፊያቸው ሳይገባ ሰንሰለት ቢበዛባቸው ዋጋ የለውም፤ መጠምዘዣ ላይ ማሽኑ ራሱ ይታጠፍና እስሩን ያላላል። ጎማ ያላቸው ሁሉ መንገድ ላይ ስለሚነጥሩ ቶሎ ቶሎ ይታያሉ። ለስላሳ ከበሮ ያለው ሮለር በእርጥብ ላሜራ ላይ እንደ በረዶ ነው፤ ያለ ላስቲክ ንጣፍ መወጣጫ ላይ አይወጣም። ዲ8 ዶዘር ከ37 ቶን በላይ ስለሆነ ከላይ ያለው ስሌት በሙሉ እንደገና ይሠራል፤ አራት ባለ 13 ሚሊ አይበቃውም፤ ሰፊው ብሌዱም (አፈር የሚገፋው የፊት ብረት) ብዙ ጊዜ ተፈትቶ ለብቻ ይጫናል።

ከመነሳት በፊት ከፍታው ከመሬት እስከ ቡሙ ጫፍ በሜትር ይለካል፤ በግምት አይሆንም። አዲስ አበባን ሳይለቁ የቀላል ባቡሩ የኤሌክትሪክ መስመርና የየሰፈሩ ዝቅ ያለ ሽቦ ይጠብቃል። ከተነሱ በኋላ የመጀመሪያው 20 ወይም 30 ኪሎ ሜትር ላይ ቆሞ ሰንሰለቱን መነካካት የግድ ነው፤ ጭነቱ ረግቶ የሚላላው እዚያ ድረስ ነው። ሁለተኛው ግዴታ ጎሃ ጽዮን ላይ ነው፤ ሰንሰለት፣ የአየር ቱቦ፣ ፍሬን፣ የጎማ ሙቀት። ዝቅተኛው ማርሽ የሚገባው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ መኪናው ፍጥነት ከያዘ በኋላ ማርሹ እምቢ ሊል ይችላል። ሥራውን የሞተር ፍሬኑ ይሥራው፤ የእግር ፍሬን ያለማቋረጥ ሲረገጥ ይግልና አይይዝም። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ደግሞ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ጭነቱ የሚንጠለጠለው ሲወርድ ሥራ ባልነበራቸው በፊተኞቹ ሰንሰለቶች ላይ ነው።

ሳይት ላይ ሲደረስ መቸኮል አያስፈልግም። ማሽኑ መንገድ ላይ ትንሽ ተንቀሳቅሶ ከሆነ አንዱ ሰንሰለት ከልክ በላይ ተወጥሯል፤ ማጥበቂያው ሲከፈት ይፈነዳል። ስለዚህ ከጎኑ ቆሞ፣ ፊትን አዙሮ፣ በትንሽ በትንሹ ይላላል። መሬቱ ይታይ፤ ታኮውና የጅራቱ ድጋፍ እንደ መጫኛው ጊዜ ይግባ። ኦፕሬተሩ ቁልፉን ከማዞሩ በፊትም የጭስ ማውጫውን ላስቲክ ያንሳ።