ልቦና እና ማልቦና

ዛሬ እንጅባራ ላይ ጫማዬ ተገነጠለ። ሊስትሮው እስኪሰፋልኝ ስልኬን አውጥቼ ኤስፔራንቶዬን ማጥናት ጀመርኩ።

"ምንድን ነው የምታነበንበው ጋሼ?"

ዛመንሆፍ የሚባል የዓይን ሐኪም በፈረንጆቹ 1887 ያወጣው፣ ዓለም ሁሉ እንዲግባባበት የታሰበ ቋንቋ ነው አልኩት። ቅለቱን ላሳየው ብዬ ደግሞ፦ "'ቦና' ጥሩ ማለት ነው። ፊቱ ላይ 'ማል' ስትጨምርበት ተቃራኒው ይሆናል። 'ማልቦና'፣ መጥፎ።"

ወስፌውን ጫማው ላይ እንደሰካ ቀና አለ። "ልቦና መጥፎ ሆነ እንዴ?"

ሳቄ አመለጠኝ።

መሀል ላይ አንዲት እናት መጡ። በአገውኛ ዋጋ ተከራከሩና ሄዱ። እሱ ወዲያው በአማርኛ ወደኔ ዞረ። "የማን አገር ቋንቋ ነው ግን?"

"የማንም።"

"እና እናት ልጇን በምን ትቆጣዋለች?"

አፋቸውን በኤስፔራንቶ የፈቱ ልጆች አሉ፣ ጥቂት ቢሆኑም። ልነግረው አሰብኩና ተውኩት። ሰው እንግሊዝኛን የሚማረው ስለሚቀል አይደለም (አይቀልምም!)፣ እንጀራ ስላለበት ነው። ኤስፔራንቶ ከ130 ዓመት በላይ ኖሮም ያን እንጀራ አላገኘም። እኔ ስለሚጥመኝ ነው የምማረው።

ጫማዬን አቀበለኝ። "ሃምሳ ብር። ቦና ነው?"