ቁልፉ በማን ኪስ ነው?

ሪፖርቱ ላይ «በሠራተኛው የጥንቃቄ ጉድለት የደረሰ አደጋ» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያኔ በኮንክሪት ማምረቻው የፈረቃው ፎርማን ነበርኩ። ልጁ የጠጠር ኮንቬየሩ (ጠጠርና አሸዋ በቀበቶ የሚያጓጉዘው ማሽን) የኋላ ሮለር ላይ የተጋገረውን እርጥብ አሸዋ እየፋቀ ነበር፤ ቀበቶው ደግሞ እየሄደ ነው። መጀመሪያ መፋቂያው ተያዘ፣ ቀጥሎ ጓንቱ፣ ከዚያ እጁ። እሱን ካወጣነው በኋላም ጓንቱ በቀበቶውና በሮለሩ መካከል እንደተነከሰ ቀረ። ሦስት ጣቶቹን አጣ።

ያ ቀበቶ በሰከንድ 1.5 ሜትር ይሄዳል። ሰው ደንግጦ እጁን እስኪስብ ግማሽ ሰከንድ ቢፈጅበት፣ ቀበቶው 75 ሴንቲ ሜትር ወስዶታል፤ ከጣት ጫፍ እስከ ትከሻ ማለት ይቻላል። «ፈጠን ቢል ኖሮ» የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያሰሉት ዝም ይሉ ነበር። ረጅም እጀታ ያለው መፋቂያም አያድንም፤ ሰው ጨብጦ የያዘውን ዕቃ በቅጽበት አይለቅም።

ሆስፒታል ልጠይቀው ስሄድ፣ «ጋሼ፣ ላጠፋው ነበር እኮ፤ ግን ትቆጣለህ ብዬ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። የኮንክሪት ሙሌት ላይ ስንሆን «እንዳታስቆሙብኝ!» እያልኩ የምጮኸው እኔ ነበርኩ።

በማግስቱ ሥራውን ራሴ እንደ ደንቡ ሞከርኩት። ማጥፊያው ያለው ኮንትሮል ክፍሉ ውስጥ ነው። ደረጃ ወጥቼ፣ ኦፕሬተሩን ለምኜ፣ አስጠፍቼ፣ ወርጄ፣ ፍቄ፣ እንደገና ወጥቼ ማስነሳት 12 ደቂቃ ፈጀብኝ። ሳያጠፉ መፋቅ ግን ሁለት ደቂቃ ነው። ይህ በቀን አራት አምስት ጊዜ ይደጋገማል። ሪፖርቱን ቀድጄ እንደ አዲስ ጻፍኩት።

መጀመሪያ ያስለወጥኩት የማጥፊያውን ቦታ ነው፤ ዋናው የኤሌክትሪክ መቁረጫ ከኮንቬየሩ አጠገብ ተተከለ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን ጓጉንቸር ሰጠሁ። የሚያጸዳው ሰው መስመሩን ቆርጦ ይቆልፋል፣ ቁልፉን ኪሱ ይከታል፣ ከዚያ የማስነሻ አዝራሩን ተጭኖ አለመነሳቱን ያረጋግጣል። ሁለት ሰው ከገባ ሁለት ጓጉንቸር ይንጠለጠላል። ቀዩ የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ ይህን አይተካም፤ የሚያጸዳውን ያላየ ሰው ሊመልሰው ይችላል። ጽዳቱንም በፕሮግራሙ ላይ ሰዓት ቆርጬ አስገባሁት፤ ይህ ባይሆን ኖሮ ጓጉንቸሮቹ መጋዘን ውስጥ አቧራ ይለብሱ ነበር ብዬ አምናለሁ።

አሜሪካኖች ይህን አሠራር በፋብሪካዎቻቸው በ1989 እ.ኤ.አ. ደንብ አድርገው አውጥተውታል። እኔን የገረመኝ ጽዳትን ከጥገና ሥራ ጋር መቁጠሩ ነው። እኛ ጋ ሞተር የሚፈታ መካኒክ ማሽኑን ያጠፋል፤ የሚጠርገው የቀን ሠራተኛ ግን እንዲያጠፋ የሚጠብቀው የለም። እጃቸው የሚገባው ግን አንድ ማሽን ውስጥ ነው።

ማጥፋት ብቻውን እንደማይበቃ የተማርኩት ኮንክሪት ፓምፕ ላይ ነው። ሞተሩ ጠፍቷል፤ አንዱ ሠራተኛ የሆፐሩን (ኮንክሪቱ የሚገለበጥበትን ገንዳ) ወንፊት ከፍቶ እጁን ሊያስገባ ጎንበስ ሲል፣ ውስጥ ያለው ቱቦ ከወዲያ ወዲህ ተወርውሮ ግድግዳውን መታ። ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ሞተር ቢጠፋም የሃይድሮሊክ አኩሙሌተሩ (የዘይቱን ግፊት የሚያጠራቅመው ዕቃ) ውስጥ ግፊት ይቀራል። ከዚያ ወዲህ ግፊቱ ተለቆ የግፊት መለኪያው ጌጅ ዜሮ ካላሳየ ወንፊቱ አይከፈትም።

አሁንም የሚያጨቃጭቀኝ ሚክሰር መኪናው ነው። ከበሮው እየዞረ ካልታጠበ ውስጡ በደንብ አይጠራም፤ ሾፌሮቹ የሚሉት ልክ ነው። የተስማማነው ከበሮው በዞረ ቁጥር ማንም መሰላሉ ላይ እንዳይወጣ፣ ውኃውም በጎማ ከርቀት እንዲረጭ ነው። የደረቀ ኮንክሪት ሊፈነቅል ወደ ከበሮው የሚገባ ሰው ካለ ደግሞ የመኪናው ቁልፍ ሾፌሩ ጋ አይቀርም፤ እሱው ይዞት ይገባል።