ካርታው ላይ ያለው ቀን የምን ቀን ነው?

ስለ ወረርሽኝ ካርታ ሲወራ ሁሌም የሚነሳው የእንግሊዛዊው ሐኪም የጆን ስኖው ካርታ ነው። ለንደን፣ ሶሆ ሰፈር፣ እ.ኤ.አ. 1854፣ ኮሌራ። ስኖው የሞቱትን ሰዎች በየቤታቸው ደጃፍ በጥቁር ሰረዝ መዘገበ፣ ሰረዞቹ ብሮድ ስትሪት ባለው የውሃ ፓምፕ ዙሪያ ተደራረቡ፣ የፓምፑም እጀታ በእሱ ምክር ተነቀለ፤ ካርታው የታተመው ግን ከዚያ በኋላ ነው። ግሩም ሥራ ነው። ካርታውን ባየሁት ቁጥር ግን አንድ ነገር ይጎድለኛል፤ ቀን የለውም። በሽታው በኃይል የፈነዳው ኦገስት 31 ማታ ነው፣ እጀታው የተነቀለው ደግሞ ሴፕቴምበር 8። በመሃል ሰዉ ሰፈሩን ጥሎ ሸሽቷል፣ የሟቾች ቁጥርም መውረድ ጀምሯል። ይህን ስኖው ራሱ ጽፎታል፤ የየቀኑን ቁጥርም በሰንጠረዥ አስቀምጧል። ካርታውን ብቻ ያየ ሰው ግን ወረርሽኙን ያቆመው የእጀታው መነቀል ነው ብሎ ይሄዳል።

ለዚህ ነው የበሽታ ስርጭት ካርታ መሥራት ለሚጀምር ሁሉ ደጋግሜ የምናገረው። ስለ ቀለም ከመጨነቃችሁ በፊት ቀኑን ጠይቁ! አንድ ታማሚ ብዙ ቀን አለው። በሽታው የያዘው ቀን፣ ምልክት የታየበት ቀን፣ ሐኪም ጋ የሄደበት፣ ናሙና የሰጠበት፣ ውጤቱ የመጣበት፣ ስሙ መዝገብ ላይ የገባበት፣ ማለትም የሪፖርቱ ቀን። መረጃው ላይ ሁልጊዜ ተሞልቶ የምታገኙት የመጨረሻውን ስለሆነ ብዙ ሰው እሱን ይዞ ካርታ ይሠራል። ያኔ የሚታየው የበሽታው ጉዞ ሳይሆን የወረቀቱ ጉዞ ነው። ላቦራቶሪ ቅርብ የሆነለት ወረዳ ካርታው ላይ ቀድሞ ቀይ ይሆናል፣ ሩቁ ዘግይቶ፣ እና የተጠራቀመ ናሙና በአንድ ቀን ተመርምሮ ሲያልቅ ምንም አዲስ ነገር ሳይኖር ካርታው ላይ አዲስ ወረርሽኝ የተነሳ ይመስላል።

የምዕራብ አፍሪካውን ኢቦላ ተመልከቱ። የመጀመሪያው ታማሚ እንደሆነ የሚታመነው ህፃን ጊኒ ውስጥ፣ ሜሊያንዱ የምትባል መንደር የታመመው በ2013 ዲሴምበር ነው። በሽታው ኢቦላ መሆኑ የታወቀው በ2014 ማርች። በነዚያ ወራት መንደሯ ካለችበት ከጌኬዱ ተነስቶ ማሴንታ፣ ንዜሬኮሬና ኪሲዱጉ ደርሶ ነበር። በሪፖርት ቀን የተሠራ ካርታ እስከ ማርች ድረስ ባዶ ይሆንና ከዚያ አራቱም ቦታ ባንዴ ይበራል፤ ከየት ወደ የት እንደሄደ ምንም አይናገርም። ምልክት የታየበትን ቀን ስትይዙ ግን መንገዱ ይወጣል፣ ከመንደር ወደ ከተማ፣ ከዚያም በታመመ የጤና ሠራተኛ በኩል ወደ ሌላ ከተማ። ከ28 ሺህ በላይ ሰው የታመመበት፣ ከ11 ሺህ በላይ የሞተበት ወረርሽኝ ነው። እነዚያ የጠፉ ወራት የዋዛ አይደሉም።

ሄይቲም እንዲሁ። በ2010 ኦክቶበር ኮሌራ ሲገባ ብዙ ሰው ባንዴ የወደቀው በአርቲቦኒት ወንዝ የታችኛው ክፍል ስለነበር የሁሉም ዓይን እዚያ ነበር። የታማሚዎቹ መረጃ በየቀኑና በየአካባቢው ሲደረደር ግን የመጀመሪያዎቹ ከወንዙ በላይ፣ ሚርባሌ አጠገብ፣ የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪዎች ካምፕ ካለበት ሆነው ተገኙ። ጥቂት ቀን ነው ልዩነቱ። ያ ጥቂት ቀን ግን በሽታው ከየት መጣ የሚለውን ጥያቄ መለሰ። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ባን ኪ ሙን በ2016 ዲሴምበር የሄይቲን ሕዝብ ይቅርታ ጠይቀዋል።

ሌላው የሚያበሳጨኝ ባዶ ቦታ ነው። «ታማሚ የለም» እና «ሪፖርት አልመጣም» የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ ካርታ ላይ ግን ሁለቱም ነጭ ሆነው ይቀመጣሉ። እባካችሁ ሪፖርት ያልመጣበትን ቦታ በግራጫ ወይም በሰረዝ ለዩት። ነጭ ያየ ኃላፊ መድኃኒቱንም ሐኪሙንም ወደ ሌላ ቦታ ነው የሚልከው።

የሚንቀሳቀስ ካርታ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ የተደመረውን ቁጥር አታሳዩ። ድምር አይቀንስም፤ በሽታው ካለቀ ከወራት በኋላም ካርታው እንደቀላ ነው። የየሳምንቱን አዲስ ታማሚ፣ ለሕዝቡ ብዛት አካፍላችሁ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ዓይነት የቀለም መለኪያ አድርጉት። መለኪያው በየሳምንቱ ከተቀየረ ቀይ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማንም አያውቅም።

ምልክት በታየበት ቀን ስትሠሩ አንድ ጣጣ አለው፣ አልደብቅም። በቅርቡ የታመሙት ገና መዝገብ ላይ ስላልገቡ የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሁሌም የቀነሱ ይመስላሉ። አይተው «አለፈ!» የሚሉ ሰዎች አይጠፉም። እኔ እነዚያን ሳምንታት አደበዝዛቸውና እዚያው ካርታው ላይ፣ በትልቁ፣ «ገና ያልተሟላ» ብዬ እጽፋለሁ። ግርጌ ላይ በትንሹ የተጻፈ ማስታወሻ የሚያነብ ሰው የለም።