ይጠራል፣ አይነሳም

«ገዋኔ ድረስ ግፋበት» ያልኩት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ካልተናገርኩ ቀጥሎ የምለው ሁሉ ውሸት ይመስለኛል።

ግንቦት 2015 ነው። የማዳበሪያ ወቅት ስምሪት ክፍል ውስጥ ምን እንደሚመስል የሠራበት ያውቀዋል። መርከቡ ጅቡቲ ወደብ ላይ እያራገፈ ነው፣ ገበሬው ሰማይ ሰማይ እያየ ነው፣ ስልካችን ከየአቅጣጫው ይጮኻል። ከወደቡ መሀል አገር ለመድረስ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ነው። 400 ኩንታል የጫነ መኪና ከነተሳቢው ካለ ዕቅዱ መንገድ ላይ አንድ ሌሊት አደረ ማለት፣ ጠዋት ስብሰባ ላይ «ይህ ለምን አደረ?» ተብዬ የምጠየቀው እኔ ነኝ ማለት ነው። በዚያ ሳምንት ሦስት ጊዜ ተጠይቄአለሁ።

ከቀኑ 9፡20 ላይ ሾፌሩ ጓደኛዬ ከሚሌ ደወለልኝ።

«የተሳቢው የኋላ ጎማ አላማረኝም። እዚህ ለጎሚስታ ላሳየውና ሚሌ ልደር» አለኝ።

«ስኮርታ የለህም?»

«አለኝ። ግን ሙቀቱን ታውቀዋለህ።»

«ገዋኔ ድረስ ግፋበትና እዚያ እደር። ነገ ሻሸመኔ ትገባለህ።»

ትንሽ ዝም አለ። «እሺ አለቃ» አለ።

አለቃው አይደለሁም። በ1998 ሁለታችንም ረዳት ሆነን ነው የጀመርነው፤ ከመኪና ሥር እየተኛን፣ ከአንድ ሣህን እየበላን። እሱ መሪ ያዘ፣ እኔ ወገቤ እምቢ ሲለኝ ወንበር ያዝኩ። ሲያገባ ሚዜው ነበርኩ። የሚጠራኝ በስሜ ነው፤ «አለቃ» የሚለኝ ያልተስማማበትን ነገር ሊፈጽም ሲል ብቻ ነው። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። ያን ቀንም ሰማሁት። ሰምቼ ሌላ ስልክ አነሳሁ።

ጎማው በሚሌና በገዋኔ መካከል ያለችውን አዳይቱን ካለፈ በኋላ ፈነዳ። ጨልሟል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ዳር ይዞ ቆመ፣ ፍሬቻ አበራ፣ ረዳቱ ከኋላ ድንጋይና የግራር ቅርንጫፍ ደረደረ። ክሪኩን አስገብቶ ጎማውን ለመፍታት ተንበርክኮ ሳለ ከኋላ የመጣ ከባድ መኪና ድንጋዩን ጥሶ ተሳቢውን ገጨው። ረዳቱ በሌላው ጎን ስኮርታ ሲያወርድ ስለነበር ተረፈ። የዚያኛውን ሾፌር እንቅልፍ ወስዶት ይሁን፣ ከፊቱ የመጣ መብራት አጥበርብሮት ይሁን እኔ መናገር አልችልም። ልፈርድበትም አልደፍርም። እሱንም «ግፋበት» ያለው ሰው ይኖር ይሆናል።

እኔ ቤቴ ነበርኩ። ከምሽቱ 1፡40 ላይ ጂፒኤሱ ላይ ያለችው ነጥብ ቆመች። እራት እየበላ ይሆናል ብዬ ስልኬን አስቀመጥኩ።

2፡30 ላይ ከኋላው ይመጣ የነበረ የእኛው ሾፌር ደወለ። «የት ነህ?» አለኝ። ቤት ነኝ አልኩ። «ማን አለ አጠገብህ?» አለ። ይህን ጥያቄ የሰማ የአገሬ ሰው ቀሪውን ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁትም ማለት ይቻላል፤ ባለቤቴ ናት ስልኩን ከእጄ ወስዳ የጨረሰችው።

ቀጥሎ የደወለው የቢሮው ኃላፊ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ «ጭነቱስ? ማዳበሪያው ተገልብጧል?» የሚል ነበር። «ነፍስ ይማር» ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን አልረሳሁትም። ብዙ ወራት በእሱ ላይ ተናድጄ ኖርኩ። ቆይቶ ግን የከነከነኝ የእኔ መልስ ነው። «አልተገለበጠም፤ ደህና ነው» ብዬ መለስኩለት። ጓደኛዬ አስፋልት ላይ ወድቆ ፖሊስ እየተጠበቀ፣ እኔ ስለ ጆንያ ተጠይቄ «ደህና ነው» አልኩ፤ ያውም በሥራ ድምፄ፣ ሳልንተባተብ።

3፡10 ሲል ባለቤቱ ደወለች።

አለማንሳት አልችልም። ካላነሳሁ ታውቃለች። መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም፤ በሌሊት አይነገርም፤ ሰው ብቻውን ባለበት አይነገርም። ያደግንበት ነው። ከእድሩ ዳኛና ከወንድሟ ጋር ተነጋግረን ነበር፤ ንጋት 11 ሰዓት ላይ እንሄዳለን። እስከዚያ ስምንት ሰዓት ያህል ማሳለፍ ነበረብኝ።

«ወንድሜ፣ እንዴት አመሸህ? በማታ አስቸገርኩህ» አለችኝ።

«ምንም አይደል እህቴ። እንዴት አመሻችሁ?»

«ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። አልደረሰም እንዴ?»

«ገዋኔ አካባቢ ነው። እዚያ ኔትወርክ የለም።»

ዝም አለች። ከወዲያ ቴሌቪዥን ይሰማል፤ ትንሹ ልጅ በሆነ ነገር ይስቃል።

«ኔትወርክ ነው?» አለች።

«ኔትወርክ ነው።»

«ድምፅህ ምን ሆኗል?»

«ጉንፋን ይዞኛል።»

«ዝንጅብል አፍልተህ ጠጣበት።» ከዚያ ትንሽ ቆይታ፣ «ካገኘኸው ከሰል እንዳይገዛ ንገረው። ባለፈው ያመጣው አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ገና አልተነካም» አለች።

«እነግረዋለሁ» አልኳት።

በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ሰው ስለ ማዳበሪያ አወራኝ። ለሁለቱም ትክክለኛውን ድምፅ አውጥቼ መለስኩ። ስልኩን ስዘጋ ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር፤ አንድም ቃል አልተናገረችኝም። እኔ ግን ያን ጊዜ የሚገባኝን የሠራሁ መስሎኝ ነበር። አንዲት ሴት አንድ ሌሊት በሰላም እንድትተኛ አድርጌአለሁ ብዬ ነበር የማስበው።

ንጋት 11 ሰዓት ላይ የነፍስ አባቷ፣ ወንድሟ፣ የእድሩ ዳኛ፣ ሁለት ጎረቤት ሴቶችና እኔ ከአጥሩ በር ደረስን። ልናንኳኳ ስንል ተከፈተ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ቆማለች።

ሴቶቹ ጮኸው አቀፏት። እሷ አልጮኸችም። በትከሻቸው በኩል እኔን ነበር የምታየው።

«ኔትወርክ የሌለው ስልክ አይጠራም» አለችኝ። «እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ይጠራ ነበር።»

ምንም አላልኩም።

«ላንተ ደግሜ ልደውልልህ ነበር። ትነግረኛለህ ብዬ ፈራሁ።»

ከዚያ በኋላ ነው ጉልበቷ የከዳት።

ስልኩ ጋቢናው ውስጥ እንደቀረ ያወቅሁት ኋላ ከረዳቱ ነው። ፖሊስ እስኪመጣና አስከሬኑ እስኪነሳ፣ ከዚያም መኪናውን ሲጠብቅ ጋቢናው ውስጥ ተቀምጦ የእሷ ስም በስክሪኑ ላይ ሲበራ ሲጠፋ ያያል። ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው። አላነሳውም፤ ሊዘጋውም አልቻለም። ባትሪው እስኪያልቅ ጠበቀ። ሦስታችንም በዚያ ሌሊት አንድን ነገር እናውቃለን፤ ሦስታችንም የየብቻችንን ተቀምጠን አነጋን።

እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ይህ ነው። መርዶ በቀስታ የሚነገረው፣ ሰው የሚሰበሰበው፣ ሰዓት የሚመረጠው መርዶውን የሚሰማው ሰው ብቻውን እንዳይሆን ነው። ሥርዓቱ ትክክል ነው፤ ዛሬም አምንበታለሁ። እኔ ግን ቃሉን ጠብቄ እሷን ብቻዋን ተውኳት። ለከርሞው ሌላ ሾፌራችን እናቱ ስታርፍ ይህን ላርም ብዬ፣ ማታውኑ ሁለት የሥራ ባልደረቦቹን በሰበብ ቤቱ እንዲያድሩ ላክኋቸው። ገና በር ላይ ሲያያቸው «ማን ነው የሞተብኝ?» አለ። ስለዚህ እንዲህ ይደረግ ብዬ የምመክረው መንገድ የለኝም። አንዱን ከሌላው አልመርጥም፤ ብቻውን ያለ ሰው ብቻውን እንዳያነጋ ብቻ እፈልጋለሁ።

ቀብሩ በዚያው ቀን 9 ሰዓት ላይ አዳማ ተፈጸመ። ከባድ መኪናዎች ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ ዋናው መንገድ ተሰልፈው ነበር። ስለ ቀብሩ ብዙ አላስታውስም።

ቢሮ ስመለስ ፈቃድ መሙላት ነበረብኝ። የሰው ኃይል ክፍሏ ልጅ ቅጹን ሰጥታኝ ዝምድናውን ጠየቀችኝ። ጓደኛ አልኳት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከደመወዝ ጋር ሦስት የሥራ ቀን የሚሰጠው ለትዳር ጓደኛ፣ ለወላጅ፣ ለተወላጅ፣ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ላለ የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመድ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት አብሮህ የኖረ ሰው በዚያ ውስጥ የለም። ልጅቷ ደግ ናት፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ወንድም ብዬ ልጻፈው?» አለችኝ። በዚያ ሳምንት የዋሸሁት በቅቶኝ ነበር። «ጓደኛ ብለሽ ጻፊው» አልኳት። ለከባድ ድንገተኛ ሁኔታ የሚፈቀደውን፣ እስከ አምስት ተከታታይ ቀን ካለ ደመወዝ፣ እሱን ወሰድኩ።

የአደጋ ሪፖርቱ ላይ «የመጨረሻ ግንኙነት» የሚል ሣጥን አለ። «9፡20 ከሚሌ ደውሎ ጎማው እንደሚያሳስበውና ማደር እንደሚፈልግ ገልጿል፤ ጉዞ እንዲቀጥል ነግሬዋለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ይህ አያስፈልግም፣ «ከሚሌ ደውሏል» ይበቃል ተባልኩ። አልለወጥኩትም። ቅር የተሰኘብኝ ሰው ነበር፤ እስከ ዛሬ ቅር እንዳለው ነው። ከዚያ ወዲህ «ልደር» ላለኝ ሾፌር የምሰጠው መልስ «እደር» ነው፤ ሰዓቱን መዝገብ ላይ አሰፍራለሁ። ጠዋት ዛሬም «ለምን አደረ?» ተብዬ እጠየቃለሁ። መልሴ «ደክሞት» ወይም «ጎማው አላማረውም» ነው፤ ከዚህ በላይ አላብራራም።

ግን በሪፖርት ላይ መጻፍና ለእሷ መንገር አንድ አይደለም። ለእሷ የነገርኳት በሰልስቱ ነው።

በሰልስቱ ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ሙሉ ነበር። ረዳቱ የእሱን ዕቃ ይዞ መጣ፤ ሻንጣው፣ ሽርጡ፣ ቴርሞሱ፣ እና ሁለት ማዳበሪያ ከሰል። ሟቹ አደጋው በደረሰበት ቀን መንገድ ዳር የገዛው ነው። ዕቃውን ወንድሟ ተቀብሎ ወደ ጓዳ አስገባ። ቡና የሚያፈሉት ሴቶች ከሰሉ ከየት እንደመጣ ሳያውቁ አንደኛውን ፈትተው ምድጃው ላይ አደረጉ፤ ለዚያ ሁሉ ለቀስተኛ ቡና መድረስ አለበት።

እሷ አየር ልትወስድ ወደ ጓሮ ስትወጣ እኔ እዚያ ነበርኩ። ያልተፈታው ማዳበሪያ አፉ በሰማያዊ ሲባጎ ታስሯል፤ እሱ ሸራ የሚያስርበት ሲባጎ፣ በእሱ አስተሳሰር። ቆማ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አልነገርከውም» አለችኝ።

«አልነገርኩትም።»

አጎንብሳ ዱካው ላይ ተቀመጠች፤ ማራገቢያውን አንስታ ምድጃውን ታራግብ ጀመር። አጠገቧ ተንበረከክሁ። ሚሌ ልደር ብሎኝ እንደነበር፣ ግፋበት ያልኩት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳት። የምለው ብዙ የነበረ መስሎኝ ነበር፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሆኖ አለቀ።

አላየችኝም። ማራገቧን አላቆመችም። እሳቱ ሲያያዝ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር።

ብዙ ቆይታ ማራገቢያውን ሰጠችኝ።

«እንዳይጠፋ» አለችኝ፤ ተነሥታም ወደ ሰዎቹ ገባች።