መልካ ቁንጡሬ ላይ አፈር ማንበብ ስለማመድ

ሰላም ወዳጆች። ባለፈው ስለ ድንጋይ መሣሪያ የተማርኩትን አካፍያችሁ ነበር። የዛሬው ስለ አፈሩ ነው። አንድ ድንጋይ ከየትኛው ንብርብር እንደወጣና አጠገቡ ምን እንደነበር ካልታወቀ፣ የቱንም ያህል ቢያምር ብዙ አይነግረንም።

የምማርበት ቦታ መልካ ቁንጡሬ ነው፤ ከአዲስ አበባ በቡታጅራ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል፣ አዋሽ ዳር። እ.ኤ.አ. በ1963 ጄራርድ ዴከር የተባለ የሆላንድ የውሃ ባለሙያ አገኘው። ከ1965 ጀምሮ የዣን ሻቫዮን የፈረንሳይ ቡድን ቆፈረበት፣ ኋላም ጣሊያኖች ቀጠሉ። በ2024 ባልጪት ከተባለው አጎራባች ቦታ ጋር ዩኔስኮ መዝግቦታል።

መጀመሪያ ግር የሚለው ነገር ቦታው አንድ ጉድጓድ አለመሆኑ ነው። ጋርባ፣ ጎምቦሬ፣ ሲምቢሮ እየተባለ በየሸለቆው ተበታትኗል። ታዲያ የዚህኛው ገደል አፈር ከዚያኛው ይቅደም ይከተል በምን ይታወቃል? በእሳተ ገሞራ አመድ! እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አመዱ አካባቢውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያለብሳል፤ የእያንዳንዱ ፍንዳታ አመድ ደግሞ እንደ ጣት አሻራ የራሱ ኬሚካላዊ ስሪት ስላለው፣ ያንኑ አመድ ሁለት ሸለቆ ላይ ካገኘኸው ሁለቱን ታያይዛለህ። ከሥሩ ያለው ይቀድማል፣ ከላዩ ያለው ይከተላል። የአመዱ ዕድሜ ደግሞ በማዕድኑ ውስጥ ቀስ በቀስ በሚጠራቀም አርጎን በተባለ ጋዝ ይለካል። ይሄ ሲገባኝ ቦታው ሁሉ ተከፈተልኝ።

በጣም የምወደው ምሳሌ ጎምቦሬ ሁለት የሚባለው የቁፋሮ ቦታ ነው። ከ700 ሺህ ዓመት በፊት እዚያ ትንሽ ኩሬ ነበረች። ዳርዳሯ ጭቃ ላይ እንስሳት ረግጠዋል፣ ሰዎች ረግጠዋል፣ ሕፃናትም ጭምር። ሥጋው የተበለተ ጉማሬና የድንጋይ መሣሪያም እዚያው ተገኝቷል። ከዚያ አመድ ወርዶ ሸፈነው። ዱካው የተረፈው በዚህ ነው፤ በእኔ እምነት ከየትኛውም የድንጋይ የእጅ መጥረቢያ ይበልጣል።

ሌላው ጋርባ አራት ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የተገኘው የሕፃን መንጋጋ 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደሆነው ለማወቅ የተቻለው፣ የወጣበት ንብርብር በደንብ ተመዝግቦ ስለነበር ነው። ሲምቢሮ ላይ ደግሞ ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባልጩት (እንደ መስታወት ያለ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) እየጠረቡ የእጅ መጥረቢያ ይሠሩ ነበር።

አሁን የምለማመደው ጠርዝ ማየት ነው። የመልካ ቁንጡሬ ሙዚየም ውስጥ የባልጩት ስንጣሪ ስታዩ መጀመሪያ የተመታችበትን ጫፍ ፈልጉ። ከሥሩ ትንሽ እብጠት አለች፤ ከእሷ ተነስቶ ውሃ ላይ ጠጠር ሲወድቅ እንደሚታየው ዓይነት መስመር ይሰፋል። ይሄ የሰው ምት ለመሆኑ ጥሩ ፍንጭ ነው። ቀጥሎ ጠርዟን እዩ። ስል ከሆነች ብዙም አልተንከባለለችም፣ ሰው የጣላት አካባቢ ናት ማለት ነው። ከደነዘች ወንዝ ከሌላ ቦታ አምጥቷት ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ የንብርብሩን ዕድሜ ለእሷ ከመስጠታችሁ በፊት ቆም በሉ።

ባልጪት የምትሄዱ ደግሞ እባካችሁ ምንም እንዳታነሱ። መሬቱ በሙሉ ስንጣሪ ነው፣ እጅ ያሳክካል፣ አውቃለሁ። ፎቶ አንሱና እዚያው ተዉት።

ቀጣዩ ሥራዬ የመንገድ ቁርጥ ላይ የሚታየውን ንብርብር በሚሊሜትር ወረቀት መሳል ነው። ደለልን ከአመድ በዓይንና በጣት የምትለዩ ካላችሁ፣ እርጥብ ሲሆን ነው ወይስ ሲደርቅ የሚቀለው? ጻፉልኝ።