የዘንድሮ የእንቁጣጣሽ ፊልሞች፣ በጋሼ ሚዛን

እንኳን አደረሳችሁ! ጎንደር ያላችሁ፣ ከጎንደር ወጥታችሁ በየአገሩ የተበተናችሁ፣ በሞተር እንጀራ የምትበሉ፣ የሞተር ድምፅ ሲያልፍ ዞር ሳትሉ የማይሆንላችሁ ሁሉ፣ 2018 ወጥታችሁ በሰላም የምትገቡበት ዓመት ይሁንላችሁ። ከዚህ ከተማ ሆናችሁ የምታነቡኝ፣ ይህን ምርቃት ከልቤ እንደምለው ታውቃላችሁ።

ዛሬም ሰማዩ አልጠራም። ልጆቹ ግን ካፊያውን ከምንም ሳይቆጥሩ አበባየሆሽን ጀምረዋል። እናቴ ሽንኩርቱን አቁላልታ ዶሮው ላይ ደርሳለች፣ ቤቱ ቄጤማ ቄጤማ ይሸታል። ከሰዓት በኋላ ቡናው ሲያልቅ ደግሞ ያው የተለመደው "ምን እንይ?" ይመጣል። በውስጥ መስመር የጠየቃችሁኝም ብዙ ናችሁ። የሞተር ፊልም ጠቁም፣ ከቤተሰብ ጋር የሚታይ፣ ብቻ ተኩስ አይብዛበት ብላችሁኛል።

እሺ። ዘንድሮ ግን የምጠቁመው በራሴ ምርጫ ሳይሆን በጋሼ ሚዛን ነው።

የጎንደር አራዳ ሰዎች ታውቋቸዋላችሁ። ሞተራችሁ ሲያስቸግር "ጋሼ ጋ ውሰደው" ትባሉ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ስማቸው እንዲጠራ አይወዱም ነበርና እኔም አልጽፈውም። በሰኔ አጣናቸው። ኩላሊት ነው። ዓመቱን ሙሉ ሲታመሙ ሲሻላቸው ቆይተው ክረምቱ ሲገባ ሄዱ።

እኔና ጋሼን ያዋደደን ፊልም ነው። ማታ ማታ ጋራዡ ሊዘጋ ሲል ላፕቶፔን የሥራ ጠረጴዛው ላይ፣ ከካቻቢቴውና ከፒንሳው መሃል አስቀምጠዋለሁ። የጋራዡ ልጆች እጃቸውን በኦሞ ታጥበው ይመጣሉ። እንግሊዝኛው ለጋሼ ስለማይገባ እኔ ከጎናቸው ቁጭ ብዬ በአማርኛ እነግራቸዋለሁ። አንድ ሕግ ነበራቸው፦ "ሞተሩ የማይበላሽበት ፊልም አታሳየኝ።" ሞተር ከፎቅ ዘሎ መሬት አርፎ ምንም ሳይሆን መንገዱን ሲቀጥል ካዩ ተነስተው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። እውነታቸውን ነው። በሞተር ላይ የኖረ ሰው ፊልም ውስጥም መጀመሪያ የሚፈልገው መፍቻና የቆሸሸ እጅ ነው።

በዚህ ሚዛን ከሁሉም የሚበልጠው "ዘ ወርልድስ ፋስተስት ኢንዲያን" ነው። በፈረንጅ 2005 የወጣ፣ አንቶኒ ሆፕኪንስ የሚሠራበት። ታሪኩ የእውነት ነው። በርት መንሮ የሚባል የኒውዚላንድ ሰው፣ ኢንቨርካርጊል በምትባል የአገሩ ደቡብ ጫፍ ከተማ የሚኖር፣ በ1920 የተሠራች ኢንዲያን ስካውት ሞተር ነበረችው። ከፋብሪካ ስትወጣ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር እንኳን አትሞላም። ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ ሲፈታትና ሲገጥማት ኖረ። ከዚያ በመርከብ አሳፍሮ አሜሪካ ወሰዳትና በዩታ የጨው ሜዳ ላይ በ1967 ከ1000 ሲሲ በታች ላሉ ሞተሮች የዓለም ክብረ ወሰን ያዘባት፣ በሰዓት ከ290 ኪሎ ሜትር በላይ። ያኔ እሱ 68 ዓመቱ ነው፣ ሞተሯ 47።

መንሮ ፒስተን የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረው ብረት አቅልጦ በአሮጌ ቆርቆሮ እያፈሰሰ ራሱ ይሠራ ነበር። ፊልሙ ይህን ያሳያል። እዚያ ጋ ስንደርስ ጋሼ "ቁም! መልሰው" አሉኝ። መለስኩት። አሁንም "መልሰው"። ከዚያ ምንም ሳይናገሩ ተነስተው ከመደርደሪያው ሥር አንድ የዘይት ጣሳ ጎትተው አወጡ። ውስጡ የተቃጠለ ፒስተን ነው፣ እሳቸው በዘመናቸው የቀየሩት። አንዱን አንስተው አናቱ ላይ የተበላውን ቦታ በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ "ይሄ በቤንዚን ማነስ ነው፣ ይሄ በዘይት ነው" እያሉ ለልጆቹ አንድ በአንድ አስረዱ። ፊልሙ ቆሞ እየጠበቀን ነው። መንሮም በጋራዡ የተሰባበሩ ዕቃዎቹን መደርደሪያ ላይ ደርድሮ ያስቀምጥ ነበር፤ ጋሼ ይህን ሲያዩ "ይህ ሰው ሠራተኛ ነው" አሉ። ከእሳቸው አፍ ከዚህ በላይ ሙገሳ ሰምቼ አላውቅም።

ስለዚህ ዛሬ አንድ ብቻ የምታዩ ከሆነ እሱን እዩ። ሕፃናትም አዛውንትም አብረው ያዩታል፣ የሚያሳፍርም የለውም።

ጊዜ ያላችሁ ደግሞ የተዋናዮቹን የኢዋን ማግሪገርንና የቻርሊ ቦርማንን የሞተር ጉዞ ተከታታይ ጀምሩ። የመጀመሪያው "ሎንግ ዌይ ራውንድ" ነው፣ በ2004 ከለንደን ተነስተው በካዛክስታን፣ በሞንጎሊያና በሳይቤሪያ አድርገው ኒውዮርክ የገቡበት። ሞንጎሊያ ላይ ያለው ክፍል ለብቻው ፊልም ይወጣዋል። ጭቃው፣ ወንዙ፣ ተስፋ መቁረጡ። የካሜራ ባለሙያው የክላውዲዮ ቢኤምደብሊው ተሰብሮ እምቢ ሲል እዚያው አገር ውስጥ የሩሲያ ሞተር ተገዛለት፤ ያቺ ቀላል ሞተር በዚያ ጭቃ ላይ ስትሄድ ጋሼ በደስታ አጨበጨቡ። ሁለተኛው "ሎንግ ዌይ ዳውን" የኛን ሰፈር ይነካል። በ2007 ከስኮትላንድ ሰሜን ጫፍ እስከ ደቡብ አፍሪካ ጫፍ የሄዱበት ነው፣ ከሱዳን ገብተው አገራችንን አቋርጠው ወደ ኬንያ። ጋሼ ሱዳንን እስኪጨርሱ አላስቻላቸውም። ኢትዮጵያ ሲገቡ ወንበራቸውን ወደፊት ሳቡ፣ ዳገቱን ሲያዩም ግራ እጃቸው ፍሪሲዮን የያዘ ይመስል ይጨበጥ ነበር።

ሦስተኛው "ሎንግ ዌይ አፕ" ከአርጀንቲና ጫፍ ተነስቶ ሎስ አንጀለስ የሚደርስ ሲሆን በኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ብርዱ ባትሪውን ሲበላው፣ ቻርጅ ፍለጋ በየሆቴሉ ሲለምኑ ታያላችሁ። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ለሚኖር ሰው ጭንቀቱ ከማንም በላይ ይገባዋል። በፈረንጅ 2025 የወጣው "ሎንግ ዌይ ሆም" ደግሞ በአሮጌ ሞተሮች ነው፣ ማግሪገር "ሞቶ ጉዚ" የሚባለውን የጣሊያን ሞተር፣ ቦርማን ቢኤምደብሊው ይዘው። ይህኛውን ጋሼ አላዩትም። ለማየት የጀመርኩት ለቅሶው ካለፈ በኋላ ነው፣ ሞተሩ እምቢ ባለ ቁጥር ወደ ጎኔ ዞር ማለቴ አልቀረም።

"ዘ ሞተርሳይክል ዳያሪስ"ን ለወጣቶች እመክራለሁ። የ23 ዓመቱ የሕክምና ተማሪ ኤርኔስቶ ጌቫራ፣ በኋላ ዓለም ቼ ያለው፣ ከጓደኛው ከአልቤርቶ ግራናዶ ጋር በ1952 ደቡብ አሜሪካን ለማየት የወጣበት ጉዞ ነው። የያዟት ሞተር የ1939 ኖርተን ናት። ቺሌ ላይ ሞተሯ አለቀላትና በእግርና በሰው መኪና ቀጠሉ፣ ፔሩ ውስጥ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መንደር ድረስ። ፊልሙ ከዚያ በኋላ ነው የሚከብደው። ጋሼ ግን ሞተሯን ጥለዋት መሄዳቸውን አልወደዱትም። "አንድ ሳምንት ቢሰጡኝ አስነሳታለሁ" አሉ። እኔም አምናቸዋለሁ።

እናቶች ሞተር ምን ያደርግልናል ካሉ "ሮማን ሆሊደይ"ን ክፈቱላቸው። የ1953 ነው፣ ጥቁርና ነጭ፣ ኦድሪ ሄፕበርንና ግሪጎሪ ፔክ በቬስፓ ሮምን የሚያተራምሱበት። ኦድሪ በ1988 የዩኒሴፍ አምባሳደር ሆና መጀመሪያ የመጣችው ወደኛ አገር ነው፣ በዚያ በክፉ ቀን፣ መቀሌ ያሉ ሕፃናትን ለማየት። እናቴ ይህን ስነግራት "ይቺ ልጅ ናት እንዴ!" ብላ ፊልሙን ከመጀመሪያው አስጀመረችኝ።

"ኦን ኤኒ ሰንደይ" የ1971 ዘጋቢ ፊልም ነው። መርት ሎዊል የሚባል የአሜሪካ ሻምፒዮን በ1970 ክብሩን ለማስጠበቅ ከውድድር ውድድር ሲንከራተት ያሳያል። ሞተሩ በማይሆን ሰዓት ይከዳዋል፣ ዋንጫውም በመጨረሻ የሌላ ሰው ሆነ። ጋሼ ቤት ከዋሉ በኋላ አልጋቸው አጠገብ ሆነን የጨረስነው ይህን ነበር። መጨረሻው ላይ ሎዊል፣ ሌላው ሞተረኛ ማልኮም ስሚዝና ተዋናዩ ስቲቭ ማክዊን በባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ ሞተር ይነዳሉ። ውድድር የለም፣ ሰዓት የለም። የምነግራቸው ነገር ስላልነበረ ዝም አልኩ። ባለቤታቸው እትዬ በር ላይ ቆመው ያዩ ነበር። ጋሼ "እንዲህ ነው መንዳት" አሉና ውኃ ጠየቁ። ከዚያ በኋላ አብረን ያየነው ፊልም የለም።

ልጆች፣ አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። "ክሎዘር ቱ ዘ ኤጅ" የሚባል ዘጋቢ ፊልም አለ፣ በ2010 የተደረገውን የአይል ኦፍ ማን ደሴት የሞተር ውድድር የሚያሳይ። አንድ ዙሩ 60 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከቤት ግድግዳና ከድንጋይ አጥር መሃል፣ ሰው በሚኖርበት መንገድ ላይ። በበዓል ቀን ከሕፃናት ጋር አትዩት፣ ለብቻችሁ እዩት። ፍጥነቱ ደም ያሞቃል። በዚያ ዓመት ከተወዳዳሪዎቹ ሁለቱ ሞተዋል፣ የአንዱ ባለቤት ካሜራ ፊት ተቀምጣ ስለሱ ታወራለች። እሷን ሳታዳምጡ አትዝጉት። እነዚያ ሰዎች ሙሉ ቆዳ ለብሰው፣ ከነሄልሜታቸው፣ በተዘጋ መንገድ ነው የሚነዱት። እናንተ የአዘዞን መንገድ በዝናብ፣ ከአይሱዙና ከባጃጅ ጋር እየተጋፋችሁ፣ ሄልሜቱን ክንዳችሁ ላይ አንጠልጥላችሁ ትበራላችሁ። ጋሼ ራሱን ሳይሸፍን ለመጣ ልጅ የተጠገነ ሞተር አይሰጡም ነበር። "ሂድ፣ ጭንቅላትህን ይዘህ ና" ይሉታል። የሚናደድ ነበር፣ የሚሳደብም ነበር፣ ቁልፉን ግን አያገኝም። የዘንድሮ ምኞቴ ይኸው ነው። ጭንቅላታችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ምስጋናዬን ካልጻፍኩ በዓሉ በዓል አይሆንልኝም።

በዚያ ዶፍ ሌሊት ጋሼን ሆስፒታል አድርሰህ፣ እስኪነጋ ውጭ ቆመህ ጠብቀህ፣ ብር አልቀበልም ያልከው ባለባጃጅ፣ ልጆችህ ይደጉልህ። ኔት በጠፋበት ጊዜ ፊልሞቹን በሃርድ ዲስክ ሞልተህ በመንገደኛ እጅ ከአዲስ አበባ የላክልኝ ወንድሜ፣ ጋሼ የሳቁባቸው ምሽቶች ያንተ ሥራ ናቸው። ነርሷ ጎረቤታችን፣ ከሥራሽ ወጥተሽ ደክሞሽ ሳለ በየማታው ብቅ ትይ ነበር፤ ውለታሽ አይረሳኝም። እናንተ ሁለታችሁ የጋራዡ ልጆች፣ አርባው ሳይወጣ በሩን ከፍታችሁ የሰው ሞተር ሳታጓድሉ ያስረከባችሁ፣ ጋሼ ያሳደጓችሁ መሆናችሁን ሰው ሁሉ አይቷል። እና እትዬ፣ ይህን ልጅዎ እንደሚያነብልዎት አውቃለሁ። ነገ ጠዋት እኔና እናቴ እንመጣለን፣ ድፎውን እኛ ነን የምናመጣው፣ እርስዎ ምንም እንዳያዘጋጁ።

ከላይ ያልኳቸውን ፊልሞች ማስጫን የምትፈልጉ ከበዓሉ ማግስት ጀምራችሁ ፍላሽ ይዛችሁ ጋራዡ ጋ ኑ፣ ልጆቹ ይጭኑላችኋል። ክፍያ የለውም። የምትችሉ ግን ለእትዬ ቤት ቡናም ስኳርም ያዙ፣ እዚያው ይቀበሏችኋል። የሎንግ ዌይ ተከታታዮች ብዙ ቦታ ስለሚይዙ ፍላሻችሁን ባዶ አድርጋችሁ ኑ። መልካም አዲስ ዓመት!